የኮሙናሉ ድምፅና የልጆቻችን ጤና፦ ለወረዳው የሚገባ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

ብሎክ 9፣ 302 (ረቂቅ አዘጋጅ)
እስከ ሐሙስ ካላስገባን የግሮሰሪው የኪራይ ውል በራሱ ይታደሳል። እንደ አምና «ሳናውቅ ታደሰ» እንዳንባባል። ነጥቦቹ፦ ግሮሰሪው ሞንታርቦውን ከደጅ ያንሳ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሙዚቃ ከበሩ አይውጣ። ጀነሬተሩ ከኬጂው ግድግዳ ይራቅ። የሚኒባስ ተራው ከኬጂው መስኮት ሥር ይነሳ። የአገራችን መስፈርት ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ መሠረቱም የብክለት ቁጥጥር አዋጁ 300/1995 ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከሰገነቴ በስልኬ ስለካ ከ70 በላይ አሳየኝ።

ሒሳብ ያዥ
ግሮሰሪው ከወጣ የጥበቃዎቹ ደመወዝ ከየት ይመጣል? ወርሃዊ መዋጮ የማይከፍለው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ እሱን እንነጋገር።

ብሎክ 9፣ 302
ይውጣ አላልኩም። ድምፁን ይቀንስ ነው ያልኩት።

ብሎክ 4፣ 101
ለምን ከብሎክ 9 ሰገነት ተለካ? ከግሮሰሪው ጋር ግድግዳ የምንጋራው እኛ ነን። ብሎክ 9 መንገዱን ተሻግሮ ነው ያለው። ማኅበሩን ወክሎ የሚጻፍ ቁጥር ከአንድ ሰው ቤት ሊወጣ አይችልም።

ብሎክ 7፣ 404
እኔ እዚሁ ነው ሦስት ልጅ ያሳደግሁት። ሙዚቃው እያለ ይተኛሉ፤ ለምደውታል። ሰው ሠርቶ እንዳይበላ አናድርግ።

ብሎክ 11፣ 203
ነርስ ነኝ፤ «ለምደውታል» የሚለውን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ልጁ አይነቃ ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን ይሰማል። ልቡ ይፈጥናል፣ የጭንቀት ሆርሞኑ ይወጣል፣ ጥልቁ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ልጅ የሚያድገውም፣ ቀን የተማረውን የሚያስቀምጠውም በዚያ እንቅልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመኝታ ክፍል 30፣ ለመማሪያ ክፍል 35 ዴሲቤል ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ነጭናጫ የሆነውን ልጅ «ባለጌ» እያልን የምንቆጣው እንቅልፍ ያልጠገበውን ልጅ ነው።

ብሎክ 4፣ 101
ነርሷ ያለችው ልክ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ለምን ብሎክ 9?

ብሎክ 9፣ 302
ስለለካሁ። ሌላ ማን ለካ?

ብሎክ 4፣ 101
ስልክ መለኪያ አይደለም። ወረዳው ወረቀቱን ይመልሰዋል፣ የምናፍረውም ሁላችን ነን።

ብሎክ 2፣ 205
መሥሪያ ቤቴ ትክክለኛ መለኪያ አለ። ነገ ይዤ መጥቼ ከብሎክ 4ም ከብሎክ 9ም እለካለሁ። ፊርማውንም አሰባስባለሁ።

ብሎክ 6፣ 301
ከብሎክ 6ስ? የሚኒባሱ ክላክስና የወያላው ጩኸት ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እኛ ላይ ነው። ከግሮሰሪው ይብሳል።

ብሎክ 4፣ 101
እሺ፣ በየብሎኩ ይለካ። ግን የመጀመሪያው ብሎክ 4 ይሁን።

ብሎክ 9፣ 302
ልጅ በስንተኛው ብሎክ ቢያድር ምን ለውጥ አለው? የአባይ ግድብን የምንከፋፈል አስመሰላችሁት። ሐሙስ ደረሰ!

ብሎክ 4፣ 101
አፍሽን ሰብስቢ። የኮሙናሉ ጣሪያ ሲሠራ ከኪሴ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሊቀመንበር
ሁለታችሁም ተዉ። ስድብ ያለበትን አጠፋለሁ።

ብሎክ 5፣ 102
መምህር ነኝ፤ እዚህ ኬጂ ባላስተምርም የክፍሉን ነገር አውቀዋለሁ። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ከፍ ብሎ በተሠራ ሐዲድ ላይ ከሚሄድ ባቡር አጠገብ ነበር። አርሊን ብሮንዛፍት የምትባል ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመችው፣ በባቡሩ በኩል ክፍል የነበራቸው የ6ኛ ክፍል ልጆች በንባብ በጸጥታው በኩል ከሚማሩት አንድ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ሕንፃው አንድ፣ ትምህርቱም አንድ። ልብ በሉ፣ ከሐዲዱ ሥር ጎማ ሲደረግና የክፍሎቹ ኮርኒስ ድምፅ በሚመጥ ነገር ሲሸፈን ልዩነቱ ጠፋ። ጀርመን ውስጥ ሙኒክም አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ በአቅራቢያው የነበሩ ልጆች ንባብና ትውስታ ተሻሻለ፤ አዲሱ በተከፈተበት ያሉት ግን ወረደባቸው። ልጅ ጫጫታን «ሲለምድ» ጆሮውን ይዘጋል፤ ሲዘጋ ደግሞ የመምህሯንም ድምፅ አብሮ ይዘጋል። ፊደል በሚለይበት ዕድሜ «በ»ን ከ«ፐ» ካልለየ በኋላ ማን ያስተካክልለታል?

ብሎክ 7፣ 404
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ኮርኒስ ስንት ይፈጃል?

ሒሳብ ያዥ
እዚህ ላይ ነው መስማማት የምንችለው። ግሮሰሪው ይቆይ፣ ኪራዩ ላይ ይጨመርበት፣ ጭማሪው ለኬጂው መስኮትና ኮርኒስ ይዋል።

ብሎክ 9፣ 302
ኬጂው ቀን ነው የሚሠራው። ሌሊቱስ? ልጆቹ የሚያድሩት ኬጂ ውስጥ አይደለም።

ብሎክ 3፣ 401
የቤተ እምነቱን ድምፅ ማጉያ ለምን ማንም አያነሳም?

ሊቀመንበር
እሱ በዚህ ደብዳቤ አይገባም። ከአባቶች ጋር ፊት ለፊት ይነገራል፤ ሽማግሌ እንልካለን። እዚህ ከጻፋችሁ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

ብሎክ 6፣ 301
መለኪያው የታለ? ነገ ከተባለ ቆየ።

ሊቀመንበር
ብሎክ 2፣ እየጠበቅንህ ነው።

ብሎክ 8፣ 103
መስኮት ከምናስቀይር በተራው በኩል ያለውን የቆርቆሮ አጥር በብሎኬት እናድርገው። ድምፁንም ያግዳል፣ ሌባም አይገባም። በሩንም በዚያው እናዙረው።

ሒሳብ ያዥ
አጥሩ ቆይቷል መሠራት ከነበረበት። እደግፋለሁ።

ብሎክ 7፣ 404
እኔም። ከሁለት ሳምንት በፊት ጎማ ተሰርቆብኛል።

ብሎክ 11፣ 203
አጥር ለፎቅ ምን ይሠራል? ልጆቹ የሚተኙት 2ኛና 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ድምፁ ከአጥሩ በላይ ያልፋል። ሞንታርቦውን ከደጅ ወደ ውስጥ ማስገባት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት መዝጋትም እንደዚያው። ከነጥቦቹ ሁሉ በነጻ የሚገኘው እሱ ነው፣ እናንተ የተዋችሁትም እሱኑ ነው።

ብሎክ 4፣ 101
ትናንት ልጄ ሌሊት ስትባንን አድሬ ነው የምጽፈው። ብሎክ 9፣ ተናድጄ ነው የተናገርኩት። ከእኛም ቤት ነይና ለኪ።

ብሎክ 9፣ 302
ዛሬ 4 ሰዓት ላይ እመጣለሁ።

ሊቀመንበር
እስካሁን የያዝኩት፦ 1ኛ የአጥርና የበር ሥራ፣ 2ኛ የኪራይ ጭማሪ፣ 3ኛ የኬጂው መስኮት፣ 4ኛ ስለ ድምፅ ማሳሰቢያ። ቃለ ጉባኤው በዚህ ይጻፍ?

ብሎክ 9፣ 302
አይጻፍ። የመጣነው በ4ኛው ነው። የሌሊቱ ሰዓት 1ኛ ካልሆነ ስሜን አውጡ፤ የአጥር ደብዳቤ ላይ አልፈርምም።

ብሎክ 8፣ 103
አጥሩ ቢቀድም ምን ችግር አለው? ወረዳው ለአጥር ቶሎ ይፈቅዳል።

ብሎክ 11፣ 203
ያን ሁሉ የጻፍነው ለአጥር ነው እንዴ?

ሊቀመንበር
ነገ ማታ ኮሙናሉ በር ላይ ቆመን እንወስን። ማኅተሙ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ። አጥሩን በሜትር የሚለካ ማን ነው?

ብሎክ 4፣ 101
እኔ እለካለሁ። ግን የሌሊቱ ሰዓት ይቅደም፤ የብሎክ 4 ቁጥርም ይግባበት።