የ25-20 ቀለህ አንገቱ እየተጨማደደ አስቸገረኝ

ሰላም ወገኖች። ጥይት በእጁ የሚሞላ ካለ እስቲ ይርዳኝ። የምኖረው ሞንታና ነው። አማቴ ከአያታቸው የወረሱትን ዊንቸስተር 1892 ሰጡኝ። ከስር ባለው እጀታ የሚቀባበለው ነው፤ ጥይቱ 25-20። ጠመንጃው ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው። የፋብሪካ ጥይት ግን ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ራሴ መሙላት ጀመርኩ።

ችግሬ አንገቱ ላይ ነው። የዚህ ቀለህ አንገት ስስ ነው፣ ወረቀት በሉት። እርሳሱን አስገብቼ በዚያው ግፊት አፉን ሳጠብቀው፣ ከአስሩ ሦስቱ ትከሻቸው ላይ ይጨማደዳሉ። ትናንት አንዱን መስኮት ጋ ይዤ ሳየው እንደ ወረደ ካልሲ ተኮማትሯል። አፉን ሳላጠብቅ እንዳልተወው ደግሞ፣ ጥይቱ የሚቀመጠው ከአፈሙዙ ስር ባለ ቱቦ ውስጥ ነው፤ የቱቦው ሞላ እርሳሱን ወደ ቀለሁ ይገፋዋል። እርሳሱ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፣ አትስጉ። ሹል ቢሆን ከፊቱ ያለውን ጥይት ካፕሱል (ከኋላው ያለችውን፣ ባሩዱን የምትለኩሰውን) ሊመታ እንደሚችል አውቃለሁ።

ቀለሆቹን ስለካ ርዝመታቸው እኩል አይደለም። ጣሪያው 33.8 ሚሊሜትር ነው፤ ጥቂቶቹ አልፈውታል። የሚጨማደዱትም በብዛት እነሱ ይመስሉኛል። ሁሉንም እኩል ልቁረጣቸው? ወይስ ማስገባቱንና ማጥበቁን ለየብቻ ላድርገው? አፉን ቀድሞ ትንሽ መክፈትስ ይረዳል? የባሩዱን ነገር ተዉት፣ ከመመሪያው አልወጣም። ቀለህ ግን እንደ ልብ አይገኝም፤ ደህና የቀረኝ 41 ብቻ ነው።