«ፑል ኦቨር» ማለት ቁም ማለት ብቻ ነው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሹፌር ነኝ፤ አንዳንዴ የውጭ እንግዶችን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አደርሳለሁ። ባለፈው ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃን ስንወርድ አንዷ እንግዳ «ፑል ኦቨር ፕሊዝ» አለችኝ። ቁም ያለችኝ መስሎኝ እዚያው መስመሬ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የጫነ ተሳቢ ነበር፣ ክላክሱን እየነፋ ለጥቂት አለፈን። እስካሁን ይከነክነኛል። ከ«ስቶፕ» በምን ይለያል? ትራፊክ ሲያስቆምም ይህንኑ ይላሉ አሉ።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከቡሬ፦
እንኳን ተረፋችሁ ወንድሜ። «ስቶፕ» መቆም ነው፣ የትም ይሁን የት። «ፑል ኦቨር» ግን ዳር ይዞ መቆም ነው። ትራፊኩን ያነሳኸው ጥሩ አድርገሃል፣ ዋናው ነገር እዚያ ላይ ነው። እኛ «ዳር ያዝኩ» እና «ትራፊኩ ዳር አስያዘኝ» ስንል ግሱ ራሱ ይለወጣል፣ «አስ» ትገባበታለች። እንግሊዝኛው ግሱን አይነካውም፤ የሚቆመውን ሰው መሃል ያስገባዋል። «አይ ፑልድ ኦቨር» ካልክ ራስህ ዳር ይዘህ ቆምክ፤ «ዘ ፖሊስ ፑልድ ሚ ኦቨር» ካልክ ፖሊስ አስቆመህ። «ፑልድ ኦቨር ሚ» አይባልም። ተማሪዎቼ ሁሌ የሚስቱት ይህችን ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦
«ፑል» መሳብ አይደል እንዴ? መኪና ውስጥ ምን ይሳባል?

መምህሩ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪና መጥቶ ሲቆም በዚሁ «ፑል» በሚለው ቃል «ፑል አፕ» ይሉታል፤ እሱ ከልጓም የመጣ ነው። እናንተ ከተማ ባለጋሪው ፈረሱን ሲያቆም ልጓሙን ይስብ የለ? ፈረሱ ቀርቶ መኪና ሲመጣ ቃሉ አብሮ ተሻገረ።

ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ከደጀን፦
ልጄ፣ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ቃሉ ግራ ቀኝ አይለይም። እኛም አሜሪካኖችም በቀኝ ስለምንነዳ ቀኝ ዳር ነው የምንይዘው፣ እንግሊዞች ግን ግራውን። ደግሞ ከዳር ተነስቶ መስመር ውስጥ መግባት «ፑል አውት» ነው፤ ሁለቱን እንዳታምታታ። በረሃው ላይ ኩርባ አጠገብ ማንም ቢልህ አትቁም። «አይ ዊል ፑል ኦቨር ዌን ኢት ኢዝ ሴፍ» በለው፣ ደህና ቦታ ስናገኝ እቆማለሁ ማለት ነው። ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ መስታወትህን አይተህ፣ ፍሬቻ አሳይተህ ዳር ያዝ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ሐሙስ እንግዳ አለኝ፣ ያቺን አረፍተ ነገር እስከዚያ አጠናታለሁ።