«ዋልካ ያጣራዋል»?

ጦሳ፦ ትናንት እዚሁ ነዳጅ ስለፈሰሰበት የማደያ አፈር ሲወራ «የኮምቦልቻ ሜዳ ዋልካ፣ ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ ዋልካ ያጣራዋል፤ አፈር ውስጥ ስንት ብክለት እንደሚፈቀድ ቁጥር ማውጣት ትርፍ ድካም ነው» ተባለ። ስንቱ ተስማማ! የነዳጁ ጋን እኮ የተቀበረው ሦስት አራት ሜትር ወርዶ ነው፤ ዙሪያው የተሞላው አሸዋ ነው። የፈሰሰው ነዳጅ ዋልካውን መቼ አገኘው?

ቦርከና ዳር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ሸክላ ይይዛል። የቆዳ ፋብሪካን ክሮሚየም 3፣ ቆዳ ማልፊያውን ብረት እዩት፤ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ለሁሉም ቦታ አንድ ቁጥር ካወጣችሁ ጉዳት የሌለውን አፈር ሁሉ ቆፍረን ልንጭን ነው። የት ልንደፋው?

ሐይቅ፦ ጋሼ፣ «ያጣራዋል» የሚለው ቃል ነው ችግሩ። ግንቦት ላይ ዋልካው ሲሰነጠቅ ክንድ ያስገባል። የሰኔ ዝናብ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሸክላውን ሳይነካ። ክሮሚየም 6 የሚባለው መርዛማው ዓይነት ደግሞ ከውሃ ጋር ይሄዳል፤ ኖራማ አፈር ላይ ይብሳል። ሁለቱን ሳይለዩ ጠቅላላ ክሮሚየም ብቻ ለክቶ መፍረድ አይቻልም።

ጦሳ፦ እንግዲህ እናስላው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤንዜን፣ ነዳጅ ውስጥ ላለው መርዝ፣ በመጠጥ ውሃ የፈቀደው በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። በ1996 የወጣው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቀመር፣ ከአፈሩ የሚወርደው ፍሳሽ ከከርሰ ምድር ውሃ ሲደባለቅ 20 እጥፍ ይቀጥናል ብሎ ይነሳል። በዚያ ስንሄድ በአፈር የሚፈቀደው በኪሎ 0.07 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ውሃው ቅርብ ሆኖ ካልቀጠነ ግን 0.003።

ቦርከና ዳር፦ ራስህ መሰከርክ! ያንን 20 ለኮምቦልቻ ማን ሰጠው? በየቦታው ይፈተሽ፤ 100 ግራም አፈር፣ 2 ሊትር ውሃ፣ 18 ሰዓት ማናወጥ፣ ከዚያ የወጣውን መለካት።

ሐይቅ፦ ለክሮሚየም እስማማለሁ። ቤንዜን ግን ክዳኑ በላላ ዕቃ ስታናውጠው ይተናል። ናሙናውም በፌስታል ታስሮ ሲጓዝ መንገድ ላይ ያልቅና ወረቀቱ «ንጹሕ» ይላል። እንደተቆፈረ 5 ግራም ያህል ተመዝኖ ሜታኖል የሚባል አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ፣ ተከድኖ፣ በበረዶ መላክ አለበት።

የጁ፦ ዋልካ ዋልካ ትላላችሁ፣ መረሬ አይደለም እንዴ?

ሐይቅ፦ አብሽር፣ በስሙ አንጣላም። ሁለቱም ይሰነጠቃል።

ቦርከና ዳር፦ የማደያ ግቢ ኮንክሪት ነው፣ ዝናብ አያገኘውም፣ ፀሐይ አያደርቀውም። ስንጥቁን ከየት አመጣችሁት? አሁንም ያጣራዋል እላለሁ።

ጦሳ፦ እሺ ጋሼ፣ ስንጥቁ ይቅር። አሸዋውን ግን እስካሁን አልመለስክልኝም።