ከቼሎ ወንበር ተነስቶ ኦርኬስትራ መምራት ይቻላል?

ጥያቄ (የቼሎዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኦርኬስትራ ውስጥ ቼሎ (ተቀምጠው በቀስት የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) እጫወታለሁ፣ 24 ዓመቴ ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ዓይኔ ከራሴ ኖታ ይልቅ የመሪው እጅ ላይ ነው። ሆርኖቹ መቼ እንደሚገቡ፣ የኦቦ ትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቹ የት ጋ እንደሚተነፍስ ሁሉ ያስጨንቀኛል። መምራት እፈልጋለሁ። ረፍዶብኛል? ከቼሎ ወንበር ተነስቶ መሪ ሆነ የሚባለው የታዋቂው መሪ የቶስካኒኒ ነገርስ እውነት ነው?

መልስ (ቪዮላ)
እህቴ፣ ኧረ አልረፈደብሽም! ታሪኩም እውነት ነው። አርቱሮ ቶስካኒኒ ጣሊያን፣ ፓርማ ውስጥ የተማረው ቼሎ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ከአንድ የኦፔራ ቡድን ጋር ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄደ። የሙዚቃ ደራሲው የቬርዲ ኦፔራ «አይዳ» ሊጀመር ሲል ተመልካቹ መሪዎቹን በጩኸት አባረረ። የ19 ዓመቱ ቼሊስት ወጣና ሙሉውን ኦፔራ በቃሉ መራ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። በ1887 የቬርዲ «ኦቴሎ» ሚላኖ በሚገኘው ኦፔራ ቤት፣ ላ ስካላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ተመልሶ ቼሎ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ልምምዱን የሚከታተለው ቬርዲ ራሱ ነበር። አንዴ መሪ ከሆኑ በኋላ ወርዶ መጫወት፣ ስንቱ ያደርገዋል?

26 ዓመት ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያለውን መሣሪያ) ተጫውቻለሁ። አንድ መሪ የብራምስ 4ኛ ሲምፎኒ ልምምድ ላይ ሁሉንም አስቁሞ ቪዮላዎቹን ብቻ አጫወተን። ከዚያ ቫዮሊኖቹን «አሁን እነሱን እየሰማችሁ» አላቸው። ድምፁ ወዲያው ተቀየረ። እጁን እንዴት እንዳወዛወዘ ዛሬ አላስታውስም። ጆሮውን ግን አልረሳውም።

ስለዚህ የሁሉም መሣሪያዎች መስመር ያለበትን የአንድ ሥራ ኖታ ያዢ። የቪዮላውን መስመር እየዘመርሽ የባሱን በእጅሽ ምቺ። ድምፅ ከመውጣቱ በፊት የምትሰጪያትን ምት ደግሞ ደጋግመሽ ተለማመጃት። ፍጥነቱም ጉልበቱም እሷ ውስጥ ነው ያለው።

መልስ (ፒያኖ)
በሁሉም እስማማለሁ፣ ፒያኖውን ግን አትተዪው። ኮርዶቹን (በአንድ ላይ የሚሰሙትን ድምፆች) በጣትሽ ማግኘት አለብሽ። በቃል መምራቱንም ለመቅዳት አትቸኩዪ። ቶስካኒኒ ዓይኑ ደካማ ስለነበር ነው። በ1954፣ በ87 ዓመቱ፣ የመጨረሻ ኮንሰርቱ ላይ ያ ማስታወሱ ከዳው። ተጫዋቾች ላይ መጮሁንም ተዪለት።

የቼሎዋ
ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። በቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል እጀምራለሁ። ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ ኮርድ በኋላ ቪዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ ናቸው የሚገቡት፣ ሰፈሬ ነው። ያቺን የመጀመሪያ ኮርድ እንዴት እንደማስገባት ግን ከአሁኑ ጨንቆኛል።