ጥቆማ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚበረክት ዘንቢልና የጓዳ ልጣጭ የሚወስድ

እማ ጓዳ፦
ሰላም የማርቆስ ሰዎች። ባለፈው ሳምንት የቆሻሻ ልጆቹ ሳይመጡ ቀርተው ጆንያው በር ላይ ቢከመርብኝ ተናደድኩና ጓሮ ሸራ ዘርግቼ ገለበጥኩት። ቤት ውስጥ አምስት ነን። የጎረቤት የእጅ ሚዛን ተውሼ ስመዝነው ስምንት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከአምስት ኪሎ በላይ የሚሆነው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላና የሻገተ እንጀራ ነው። ሰባት ሙሉ እንጀራ! እሱ አሳፈረኝ። ፌስታሉን ቆጠርኩት፣ 31። አንደኛው ውስጥ ሦስት ፍሬ ቃሪያ ተረስቶ ደርቋል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ዘንቢል የቱ ይሻላል? ገበያ ያለው በላስቲክ ገመድ የተሠራው፣ ሱቅ «የጨርቅ» እያሉ የሚሸጡት ወይስ በአቡጀዲ ማሰፋት? ሁለተኛ፣ ልጣጩን ለማዳበሪያ የሚወስድ ማህበር አለ?

ባለ ባጃጁ፦
ከገበያው መግቢያ ጥላ ይዛ የምትቀመጠውን ሴትዮ ጠይቂ። ሌላ ጋ አትሂጂ።

የውሰታ ማዶ፦
እታለም፣ ማህበር የሚሉትን ለኔ አታንሽብኝ። አንዱን ባልዲ ለልጣጭ፣ አንዱን ለሃይላንድና ለወረቀት ብዬ ሁለት ባልዲ ገዛሁ። አራት ወር ሙሉ ልጆቼን «እዚህ አይደለም! እዚያ!» እያልኩ ስጮህ ከረምኩ። አንድ ቀን ጠዋት ጋሪውን ከኋላ ከኋላ ተከተልኩት። ጥጉን እንደዞረ ሁለቱንም እላዩ ላይ ገለበጠው! ምነው ልጄ ብለው «ገንዳው እኮ አንድ ነው እትዬ» አለኝ። አሁን ባልዲዎቹን ልብስ አጥብባቸዋለሁ።

የሰፈሩ ልጅ፦
እኛም ጋ ያው ነው። ለዚያውም የወሩ ክፍያ ሲደርስ ከወፍ ጋር ነው በር የሚያንኳኩት።

ገበሬው ከጎዛምን፦
ማዳበሪያ በማህበር መጣ እንዴ? በየትኛው ቀበሌ? ዩሪያም አለ?

ባለ ባጃጁ፦
ጋሼ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ነው የሚያወሩት።

ገበሬው ከጎዛምን፦
እኮ ልጣጩን ትተን፣ ዩሪያው?

ጋሪ ገፊው፦
እኔ በዚሁ ሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የማንም ማህበር ጠበቃ ሆኜ አይደለም። ለይታችሁ ብትሰጡንማ የምንጠቀመው እኛው ነን፤ ሃይላንድና ካርቶን ገዥ አለው። ግን «ለየሁት» የተባለውን ከረጢት ስንፈታው ከሃይላንዱ ሥር የሕፃን ዳይፐር፣ ከዳይፐሩ ሥር ምላጭ እናገኛለን። መዳፌ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ የቆረጠኝ ጠባሳ አለ። ቢያንስ ብርጭቆና ምላጭ በወረቀት ጠቅልላችሁ ለብቻ ስጡን። የውሰታ ማዶዋ፣ በልጣጩ ግን እውነትሽን ነው። ለብቻው የምንወስድበት ቦታ ስለሌለ ይቀላቀላል።

የውሰታ ማዶ፦
ወንድሜ፣ መቆረጥህ አሳዘነኝ። የኔ ባልዲ ግን ዳይፐር አልነበረበትም።

ወይዘሮ ሚጥሚጣ፦
ሠለጠንን በሉኛ። ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተገዛ ሰባት እንጀራ አሻግታ ሲያበቃ ስለ ፌስታል ትጨነቃለች። የቃሪያዋንስ ፍሬ ቆጠርሽው? አዎ፣ ለካ ቆጥረሽዋል።

እትዬ ምጣድ፦
አንች ደግሞ ሰው እንኳን ደፍሮ ተናገረ! የኔ እህት፣ እንጀራው የሚሻግተው ትኩሱን እየደራረብሽው ይሆናል። እንፋሎቱ መሀሉ ላይ ይታፈንና ያልበዋል። ከምጣድ ሲወጣ ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ አብርጅው፤ ሲቀዘቅዝ ነው መሶብ የሚገባው። ሦስተኛ ቀን ላይ የተረፈውን ቆራርሰሽ ፀሐይ ላይ አስጭና ድርቆሽ አድርጊው። የሻገተውን ግን እንዳትሞክሪው፤ ላዩን ብትፍቂውም ውስጡ ገብቷል።

መርፌና ክር፦
ስለ ዘንቢሉ ልመልስ። ሱቅ ያለውን «ጨርቅ» ጫፉን ትንሽ ቆርጠሽ ክብሪት አስጠጊው። አቡጀዲ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ያኛው ተኮማትሮ ይንጠባጠባል፤ ላስቲክ ነው፣ ስሙ ነው ጨርቅ። የዱቄት ጆንያ አሰፍቶ መያዝም ያዋጣል፣ ግን ፀሐይ ላይ ከከረመ ክሩ ይበጣጠስና በየቦታው ይራገፋል። አቡጀዲ ይታጠባል፤ ሥሩን ድርብ አሰፊው። ድንች የሚበሳው ከሥር ነው።

ባለ ባጃጁ፦
የኔ ደንበኛ ዘንቢል አራት ዓመቱ ነው። እጀታው ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ሁለቴም በነፃ አስራልኛለች።

መርፌና ክር፦
ታዲያ ተበጠሰ ማለት አይደል?

ባለ ባጃጁ፦
በነፃ ነው የሠራችልኝ እኮ አልኩህ።

አስተማሪው፦
ዘንቢሉን የትም ግዙት፣ ብቻ ግዙ። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ጸድቋል፤ ይዞ የተገኘ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ይቀጣል ይላል። ቤት ውስጥ መለየትም አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ ማስቀመጥን በአባወራው ላይ ጥሎት ነበር። ገንዳው አንድ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

እማ ጓዳ፣ ማህበር አትጠብቂ። ጓሮ አንድ ክንድ ቆፍሪና አንድ ባልዲ ልጣጭ በጨመርሽ ቁጥር ሁለት ሦስት ባልዲ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል አልብሽው። ገለባው ሲያንስ ነው የሚሸተው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ ተይው። ሥጋና ቅባት ደግሞ በጭራሽ፤ እኔ አንዴ የበግ አጥንት ቀብሬ ሌሊት ጅብ አጥሬን አፈረሰው። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጭው። የኛ ከተማ ከፍታው 2400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ ያዘገየዋል፤ አራት ወር ታገሽ። ክረምት ቆርቆሮ ጣል አድርጊበት፤ ካልሆነ ዝናቡ ይሞላና ረግረግ ይሆናል።

ዳሞቴው፦
የፍኖተ ሰላም ሰው ነኝ። እኛ ጋ ልጣጩን ለጎረቤት በግ እንሰጣለን፣ አለቀ። ምን ጉድጓድ ያስቆፍራል?

አስተማሪው፦
በግ ያለው ጎረቤት ካላት እውነትህን ነው። የቡና አተላውን ግን አደራ፣ በግ አይብላው።

የሰፈሩ ልጅ፦
እናንተ፣ አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ዕቃ የሚለውጡት የልዋጭ ሴቶች በየትኛው ቀን ነው የሚዞሩት? አንድ ሻንጣ ሙሉ አለኝ።

እማ ጓዳ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ደግሞ መዘንኩት፣ አምስት ኪሎ ከሩብ። እንጀራ አንድም የለበትም። ፌስታሉ 19 ነው፤ ዘጠኙን ባለቤቴ ነው ያመጣው።

መርፌና ክር፦
ጎበዝ! ዘንቢሉስ? የቱን ወሰድሽ?

ባለ ባጃጁ፦
ከሴትዮዋ ነው፣ አይደል?

ገበሬው ከጎዛምን፦
ስለ ዩሪያው የሰማ ካለ ግን ንገሩኝ።