ደብረ ብርሃን – ሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ በአንድ ቀን፤ በስንት ሰዓት ልነሳ?

ባሶ_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ኅዳር 11 የእህቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት ላይ ክርስትና ይነሳል። እማዬን ይዤ ከደብረ ብርሃን ወርጄ በዚያው ቀን መመለስ አለብኝ። ማደር የሚባል ነገር የለም። ማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ የማኅበሩ ጽዋ ደግሞ ዘንድሮ ተራው የእማዬ ነው። ጠላው ተጠንስሷል። ማታ ቤቷ ካልገባች እንቅልፍ የላትም።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። አዲስ አበባ በተደጋጋሚ ነድቼ ሄጃለሁ፣ ግን የሰንዳፋ መንገድ ሌላ፣ ጣርማ በር ሌላ። ቁልቁለቱን የማውቀው በአውቶቡስ ተሳፍሬ ነው። መሪ ይዤ ወርጄው አላውቅም።

ሐሳብ ስጡኝ። በስንት ሰዓት ወጥቼ በስንት ሰዓት ልመለስ? ምሳ ሳይበላ እንነሳ ብል እህቴ ትቀየመኛለች፣ ከቆየሁ ደግሞ ማታው ያሳስበኛል። ያን ሁሉ ቁልቁለት በአውቶማቲክ እንዴት ነው የሚወረደው? ሌላው፣ እማዬ ደም ግፊት አለባት፤ ከዚህ ብርድ ወደዚያ ሙቀት በአንድ ጊዜ መውረዱ ያስቸግራት ይሆን? ደግሞ በግ ይዘን እንሂድ እያለች ነው። የምንሄደው አምስት ሰው ነን።

የደሴ_መስመር

ወንድሜ፣ ሳትሄድ በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው። እኔ በዚህ መስመር ጭነት ስሠራ ነው የኖርኩት፣ የማውቀውን ልንገርህ።

መንገዱ ረጅም አይደለም። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት 35 ቢሆን ነው። ሜዳ ቢሆን ቁርስህን በልተህ ትደርስ ነበር። ግን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ያወጣህና ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያወርድሃል። እስከ ጉዶ በረት ድረስ ምንም አይሰማህም። ቁልቁለቱ የሚጀምረው ጣርማ በር ላይ ካለው ዋሻ በኋላ ነው፣ ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈህ አርማንያ እስክትደርስ ኩርባ በኩርባ ነው። ሳትቸኩል ሁለት ሰዓት ተኩል ያዝለት።

ሰዓትህን ከመመለሻው ጀምረህ አስላ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ያስብና ሲመለስ ይጨነቃል። የአንተ ቀን የሚወሰነው ጣርማ በር ላይ ነው። ከቆላ የሚነሳው ሞቃት አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፣ ሮቢት ላይ ፀሐይ እየጠበሰህ ጣርማ በር ላይ ከፊትህ ያለው መኪና የኋላ መብራት አይታይህም። ኅዳር በጋ ነው ብለህ አትዘናጋ። ስለዚህ ዋሻውን ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ማለፍ አለብህ። ለዚያ ከሮቢት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር አስነሳ። ለእህትህ አሁኑኑ ደውለህ ምሳው 6 ሰዓት ላይ እንዲቀርብ ንገራት። ቀድማ ካወቀች አትቀየምም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ብትወጣ 3 ሰዓት ላይ ትደርሳለህ። ጥምቀቱ ማለዳ ስለሆነ ያመልጣችኋል፣ ድግሱ ላይ ግን በደንብ ትደርሳላችሁ። እናትህ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ካልቆምኩ ካሉ በዋዜማው መውረድ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

አሁን ቁልቁለቱ። ቪትዝ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፣ ከዲ በታች ኤስ ወይም ቢ ወይም ኤል የሚል አለው። የአንተ የትኛው እንደሆነ እቤትህ ቆመህ እየው፣ ኩርባ ላይ ደርሰህ እንዳትፈልግ። ከዋሻው እንደወጣህ ወደዚያ አውርደው። ሞተሩ ይጮሃል። አትደንግጥ፣ ይዞ የሚያወርድህ እሱ ነው። ፍሬኑን እንደረገጥክ አትውረድ። ጠበቅ አድርገህ ርገጥ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቅ፣ እንደገና ሲፈጥን ርገጥ። እግርህን ካላነሳህለት ሸራው ይግልና መያዙን ያቆማል። የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ዳር ያዝና እስኪበርድ ጠብቅ፤ ውሃ አትድፋበት። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፍሪ የሚለቅ ሰው አለ። እባክህ ይህን እንዳታደርግ። በዚያ ቁልቁለት ዳር ተገልብጠው የምታያቸው መኪኖች ብዙዎቹ ፍሬን እምቢ ያላቸው ናቸው።

ዋሻው ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ነው፣ ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ጠባብና ጨለማ ነው። ሳትገባ አጭር መብራት አብራ፣ የፀሐይ መነጽር ካለህ አውልቅ። ከወዲያ ተሳቢ ሲገባ ካየህ አፉ ላይ ቆመህ አሳልፈው፣ ውስጥ ገብታችሁ አትፋጠጡ።

በጉን ተወው። አምስት ሰው ለቪትዝ በቂ ጭነት ነው። በተጨመረ ቁጥር ፍሬኑ ላይ ነው የሚደርሰው።

ሮቢት_ነኝ

ስለ በጉ እኔ ልጨምር። እናትህ ባዶ እጄን አልሄድም ማለታቸው ነው እንጂ ሮቢት ከብት ጠፍቶ አይደለም። እዚህ ፍየል ሞልቷል፣ ቆላው የፍየል አገር ነው። ብሩን ቀደም ብለው ለልጃቸው ይላኩላት፣ እነሱ መርጠው ገዝተው ያስሩላቸዋል። ከዚያ የሚመጣ ድፎ ዳቦ ግን እዚህ ይወደዳል። ኮባ ላይ የተጋገረ ከሆነማ ሌላ ነገር አያስፈልግም። እሱን ጭኑ።

ከአርማንያ በታች ቁልቁለቱ ስለሚላላ ሰው እፎይ ይልና ይነዳል። እዚያ ጋ ተጠንቀቅ። ኅዳር የማሽላ አጨዳ ነው፣ አህያው፣ ጋማ ከብቱ፣ ነዶ የተሸከመው ሰው ሁሉ አስፋልቱን ይጠቀማል። ግመል ካየህ ክላክስ አትንፋ፣ ፍጥነትህን ቀንሰህ እረኛው እስኪያስጠጋልህ ጠብቅ፤ ግመል ሲደነግጥ ወደ መንገዱ ነው የሚገባው። ከተማ ስትገባ ባጃጁ በግራም በቀኝም ይመጣብሃል።

ስትመለስ ሰው ሁሉ ሽንኩርትና ፓፓያ ይጭናል፣ ደጃችን ላይ ስለሚበቅል ዋጋው ጥሩ ነው። ትንሽ ያዙ። ዳገቱን ስትወጣ ኩንታል ሽንኩርት ቪትዝ ላይ አትጫን፣ ሞተሩ ይግላል።

ቀወት

ሁላችሁም ነዳ ነዳ ትሉታላችሁ። ልጁ ቁልቁለቱን ነድቶ አያውቅም፣ የሚጭነው እናቱንና ቤተሰቡን ነው። ለምን በሕዝብ ትራንስፖርት አይሄዱም? ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጠዋት ሚኒባስ አይጠፋም፣ ሹፌሩ መንገዱን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። በራሴ መኪና ካለ ደግሞ 11 ሰዓት ሌሊት ይውጣ፣ መንገዱ ባዶ ነው።

የደሴ_መስመር

ቀወት፣ የመጀመሪያው ሐሳብህ መጥፎ አይደለም። ችግሩ መመለሻው ነው። ጠዋት ሚኒባስ ታገኛለህ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሮቢት ላይ ሰው እስኪሞላ ስትጠብቅ 10 ሰዓት ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ ሹፌሩ ቸኩሎ ነው የሚነዳው፣ ጉሙ ውስጥም ኩርባው ላይም ደርቦ ይቀድማል። እኒህን እናት ለዚያ አልሰጥም።

11 ሰዓት የሚለውን ግን አልስማማም። በኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ነው፣ መስታወቱ ነጭ ሆኖ ነው የምታገኘው። መንገዱ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም፤ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ ጥቁር ጋቢ የለበሰ እግረኛ አለ፣ ዳር ላይ የቆመ የተበላሸ ተሳቢ አለ። መጀመሪያ ጊዜህ ከሆነ ዳሩን እያየህ ውረድ። ደግሞ ጠዋት መስታወቱ ላይ የፈላ ውሃ እንዳትደፋ፣ ይሰነጠቃል። ሞተሩን አስነሳና ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ ልቀቅ፣ በጨርቅ ጥረግ፣ አስር ደቂቃ ይበቃል።

ነርስ_ሸዋ

እኔ በእናትህ በኩል ልናገር። ደም ግፊት ያለበት ሰው መንገድ አይሄድም የሚባል ነገር የለም፣ ግን ከሳምንት በፊት ጤና ጣቢያ ይለኩ። ከፍ ብሎ ከተገኘ ሐኪማቸው የሚለውን ይስሙ። ጉዞው ስላለ ብለው መድኃኒት እንዳይዘሉ፣ ይህን አደራ። ብዙ እናቶች መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል ብለው ጠዋት ክኒኑን ይተዋሉ፣ ውሃም አይጠጡም። ሁለቱም ጥሩ አይደለም። ይልቅ ደብረ ሲና ላይ እረፍት አድርጉ፣ እዚያ ቡና ቤት ገብተው መጸዳጃ ይጠቀማሉ። የሚቀጥለው ቀን ክኒንም በቦርሳቸው ይኑር፣ መንገድ ቢዘጋና ብታድሩ ያስፈልጋል።

ልብሳቸው ተደራራቢ ይሁን። ከዚህ በጋቢና በሹራብ ይወጣሉ፣ አርማንያ ላይ ሹራቡን ያወልቃሉ፣ ሮቢት ላይ ቀሚስና ነጠላ ይበቃቸዋል። ዋናው ጣጣ መመለሻው ነው፤ አልቧቸው ሳለ ጣርማ በር ላይ መስኮት ከፍተው ብርዱ እንዳይመታቸው ጋቢው ከእጃቸው አይራቅ። ስትወርዱ ጆሮ ይደፈናል፣ የከፍታው ለውጥ ነው። ቆሎ እያኘኩ ወይም ምራቅ እየዋጡ ይውረዱ፣ ይከፈታል። ደብረ ሲና ላይ መኪና ሲቆም ቆሎ ይዘው የሚሮጡ ልጆች አሉ፣ ከነሱ ግዛ።

ሌላ ሰው ያላነሳው ነገር ወባ ነው። ከክረምት በኋላ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቆላው ላይ የወባ ወቅት ነው። ትንኟ በብዛት የምትነክሰው ከመሸ ጀምሮ ስለሆነ በጊዜ መነሳታችሁ ለዚህም ይጠቅማል። ያም ሆኖ ከተመለሳችሁ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ካለ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ ሮቢት ሄጄ ነበር ብሎ ይመርመር።

ባሶ_ልጅ

እግዜር ይስጣችሁ፣ ቤት ድረስ መጥታችሁ የመከራችሁኝ ያህል ነው። ለእህቴ ደወልኩ፣ ምሳው 6 ሰዓት ላይ ሆኗል። እማዬ በጉን በፍየል ለመቀየር መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ ዳቦውን ራሴ እደፋለሁ ስትል ነገሩ አለቀ። ሰዉንም ቀንሰናል፣ ወንድሜ በዋዜማው በሚኒባስ ይወርዳል፤ ጥምቀቱ ላይም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይቆማል ማለት ነው። መኪናዋን አየሁ፣ ከዲ በታች ቢ የሚል አላት።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ከመውጣቴ በፊት መኪናው ላይ ምን ምን ላሳይ? እንደፈራሁት ስመለስ ጉሙ ቢይዘኝስ?

የደሴ_መስመር

ወንድምህ በዋዜማው መውረዱ በጣም ጥሩ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠዋት ከሱ ትሰማለህ። ይህን ነገር ቀላል እንዳታደርገው። መንገዱ በየጊዜው ሊዘጋ ይችላል፣ የትናንት ወሬ ይዘህ አትውጣ። ማታውኑ መናኸሪያ ሄደህ ከሮቢት የገባ ሹፌር ጠይቅ፣ ጠዋትም ደውል። ዝግ ነው ከተባልክ ቅር፣ እህትህ ትረዳለች። ኬላ ላይ የሁላችሁም መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድህ፣ ሊብሬው፣ ቦሎውና ሦስተኛ ወገኑ ቶሎ የሚወጣ ቦታ ይሁን።

ጋራዥ ስትሄድ የፍሬን ሸራውን ጎማ አስፈትተህ በዓይንህ እይ። አለው የለውም የሚል ቃል ብቻ አትቀበል። የፍሬን ዘይቱ ከቆየ አስቀይረው፤ ያረጀ ዘይት ውሃ ስለሚስብ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የራዲያተር ውሃና ማራገቢያውን አሳይ፣ እሱ የሚፈተነው ስትመለስ ነው። ዳገቱ ላይ ኤሲ ዝጋ። የሞተር ሙቀት ምልክቱ ቀይ ካሳየ ቆመህ ኮፈኑን ክፈት፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን በትኩሱ አትንካው፣ ፊት ያቃጥላል። ጎማ ንፋስ ጠዋት ሳይሞቅ አስለካ። ስኮርታው ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩ መኖሩን እይ። ቤንዚን ከሁለት ቀን በፊት ሙላ፣ ሮቢት ላይ እሞላለሁ አትበል፣ ሰልፍ ይዘህ ምሳው ያመልጥሃል።

ጉሙ የመጣ እንደሆነ። ደብረ ሲና ላይ ቆመህ ወደ ላይ ተመልከት፣ ተራራው ጫፍ ከተሸፈነ ከሚወርዱ ሹፌሮች ጠይቅ። ብዙ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። ሻይ ጠጥተህ ግማሽ ሰዓት ብትጠብቅ ሊገለጥ ይችላል፣ ለዚህ ነው 8 ሰዓት ተኩል ያልኩህ፣ መጠበቂያ ጊዜ እንዲኖርህ። ዳገቱ ላይ ከያዘህ አጭር መብራትና የጉም መብራት አብራ። ረጅሙን አታብራ፣ ጉሙ ላይ ያርፍና ነጭ ግድግዳ ይሆንብሃል። ዓይንህ በዳሩ መስመር ላይ ይሁን። ከፊትህ ሲኖትራክ ቀስ እያለ ቢወጣ አትቅደመው፣ በሰላሳም በሃያም ይሂድ፣ ርቀት ጠብቀህ ተከተለው። አስፋልቱ ላይ ደግሞ አትቁም። ከኋላህ ያለው ሰው አያይህም፣ አራቱን ፍሬቻ ብታበራም እላይህ ላይ ነው የሚደርሰው። መቆም ግድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከመንገድ የምትወጣበት ቦታ እስክታገኝ ሂድ።

እናትህ ጭላዳዎቹን ለማየት አቁም ካሉህ ጠዋት ስትወርዱ ከዋሻው በፊት ሰፊ ቦታ ላይ አቁምላቸው። ያን ጊዜ ፀሐይ ለመሞቅ ገደሉ አፋፍ ላይ ይወጣሉ። ምግብ አይወርወርላቸው፣ አስፋልት ለምደው መኪና እየበላቸው ነው።

ሮቢት_ነኝ

ጋሼ ሁሉንም ብሎታል። ባሶ_ልጅ፣ የእህትህ ቤት ከዋናው መንገድ የሚገባ ከሆነ መኪናውን ጥላ ስር አቁም፣ የእናትህን ክኒንም ውስጥ አትተው። እኩለ ቀን ላይ የተዘጋ መኪና እዚህ ምጣድ ነው። 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ቡና እስኪፈላ ይላሉ። አንደኛውን ጠጥታችሁ ተነሱ።

ባሶ_ልጅ

ቡናው ምሳ ሳይቀርብ እንዲፈላ ለእህቴ ልንገራት። አመሰግናለሁ፣ ኅዳር 11 ማታ ገብተን እጽፍላችኋለሁ።