ከስቱዲዮ ወደ ሌክቸር ክፍል፦ ያ ሁሉ ዘመን ይቆጠር ወይስ አይቆጠር?

ከሆጤ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩን ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። እዚሁ ደሴ ስቱዲዮ ከፍቶ ለብዙ ዘፋኞች ያቀናበረና ያሳተመ ሰው አለ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ካሴቱም ሲዲውም ገበያ ሲያጣ በማታው ክፍለ ጊዜ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረ። ሁለተኛ ዲግሪውንም ያዘ። አሁን ሌክቸረር ነው። የቀጠረው ተቋም ግን የስቱዲዮውን ዘመን «አግባብነት ያለው ልምድ አይደለም» ብሎ ከጀማሪ እኩል መደበው። እኔ ሊቆጠርለት ይገባል እላለሁ። እናንተስ?

ከሸዋ በር፦
አይገባም። ሰውየውን አከብረዋለሁ፣ ሥራውንም እወዳለሁ። ግን ኮምፒውተር መጠቀም ሌላ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ሌላ። ሶፍትዌር ከፍቶ ድምፅ ማስተካከል ስለ አልጎሪዝም፣ ስለ ኮምፓይለር ምን ያስተምራል? እንዲህ ከሆነማ ዕድሜውን ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ የባንክ ቴለርም ይቆጠርልኝ ይላል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ተማሪው የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪ የለም። ፈተናው ላይ ባቲና አምባሰል አይመጣም።

ከኮምቦልቻ፣ መምህርት፦
ወንድሜ፣ የቴለሩ ነገር እዚህ አይሠራም። ቴለሩ ሲስተሙ ሲንቀራፈፍ አይቲ ይጠራል። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው ራሱ ነው የሚፈታው።

እኔ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስተምራለሁ። ስለ በፈር፣ ማለትም ዳታ ተራው እስኪደርስ ለጊዜው ስለሚጠራቀምበት ቦታ፣ ሳስረዳ ተማሪው ይሸመድደዋል እንጂ አይገባውም። እሱ ግን በሥራው ኖሮበታል። ዘፋኙ ማይክ ላይ ሲዘፍን የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ንዝረት) ገደማ ስለሚሰማ ከዚያ እጥፍ በላይ መለካት የግድ ነው። በፈሩ 256 ሳምፕል (ልኬት) የሚይዝ ከሆነ በፈሩ ብቻውን ወደ 6 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ዘፋኙ አያስተውለውም። ወደ 2,048 ከፍ ስታደርገው ግን ወደ 46 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፣ ዘፋኙም ምቱ ይጠፋበታል። ከመጠን በላይ ዝቅ ስታደርገው ደግሞ ፕሮሰሰሩ አይደርስም፣ ድምፁ ይቆራረጣል። እኛ በሰሌዳ ላይ የምንስለውን ችግር ይህ ሰው ዘፋኙ እየጠበቀው ሲፈታ ኖሯል። ይህ ልምድ ካልሆነ ልምድ ምንድን ነው?

ከሰኞ ገበያ፦
ሱዛን ሮጀርስን እዩ። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የፕሪንስ የድምፅ ኢንጂነር ነበረች፣ በኋላም ፕሮዲውሰር ሆነች። ሁለተኛ ደረጃን እንኳ ሳትጨርስ ነው ወደ ሥራ የገባችው። ከዚያ ተምራ ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያዘች። አሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅም አስተምራለች።

ከሸዋ በር፦
እሷማ ለኔ ትመሰክራለች። መጀመሪያ ዶክትሬቱን ያዘች። ያስተማረችውም የሙዚቃ ፕሮዳክሽንና ሰው ድምፅን እንዴት እንደሚሰማ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ አይደለም።

ከሆጤ፦
እሺ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ግን እሱም እኮ ዲግሪውን ይዞ ነው የመጣው። በነጻ ይግባ ያለ የለም።

የዘፋኝን ድምፅ የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር፣ የኦቶቲዩንን ታሪክ ደግሞ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ ለነዳጅ ፍለጋ የምድር ውስጥ ሞገድ የሚተነትን ሰው ነበር። በዚያው ስሌት የዘፋኝን ድምፅ ከፍታ መለካት ቻለ። ሙዚቃና ስሌት ድሮም ጎረቤት ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ያ ሶፍትዌር ድምፁን ወደ ቅርቡ ኖታ ይጎትታል። አጥብቀህ ከሞላኸው የአምባሰሉ እንጉርጉሮ፣ በኖታና በኖታ መሃል ያለው መንሸራተት ሁሉ ይታጨዳል። ለኛ ቅኝት የሚሆን እንዴት ይጻፍ? ይህ ጥሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ይወጣዋል። አምባሰልም ባቲም እዚሁ አጠገባችን ናቸው። ይህን ጥያቄ ለተማሪ መስጠት የሚችል መምህር ስናገኝ ከዜሮ ጀምር እንለዋለን? ያሳዝነኛል፣ ወላሂ።

ከቧንቧ ውሃ፦
እኔ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሞባይል እጠግናለሁ። ለሱ ከተቆጠረለት ለኔስ? ደግሞ በምን ይረጋገጣል? የትም ስትሄድ ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጣ ነው የሚሉህ። ለራሱ የሠራ ሰው ደብዳቤውን ማን ይጽፍለታል?

ከኮምቦልቻ፣ መምህርት፦
አብሽር፣ ያንተም ይቆጠር ባይ ነኝ። ቦርድ ፈትቶ ብልሽት የሚያገኝ ልጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ያስፈልገናል። የማረጋገጫው ጥያቄ ግን ከባዱ ነው። ለኔ የሚታየኝ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ደረሰኙንና የሠራቸውን ፋይሎች ይዞ በዲፓርትመንቱ ኮሚቴ ፊት ይቅረብ። መምህራን ይጠይቁት። ሰው ኃይል ክፍል ብቻውን ወረቀት አይቶ አይወስን። የዘመኑ ግማሽ እንኳ ቢያዝለት ትልቅ ነገር ነው። አልጎሪዝምና ኮምፓይለርን ሌላው ያስተምር፣ እሱ መልቲሚዲያና ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይያዝ።

ከሸዋ በር፦
መምህራን ከጠየቁት አልቃወምም። ግማሹም ይሁን። ግን ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት ቤት ውስጥ የሠራው አይቆጠርም፣ እዚያ ላይ አልስማማም።

ከሆጤ፦
ብዙውን ሥራ የሠራው እኮ ያኔ ነው። በካሴቶቹ ሽፋን ላይ ስሙ ታትሟል። ለምን እንደ ማስረጃ አይያዝም?